ለተሻሻለ ሱባሩ ኤስቲአይ የትኛው ፍሪሲዮን ይሻላል?

ሰላም ወገኖቼ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። መኪናዬ የ2005 ሱባሩ ኤስቲአይ፣ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ትልቅ ተርቦና ኢንጀክተር ካስገባሁ በኋላ ጎማው ላይ 410 የፈረስ ጉልበትና 530 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) ተለካ።

የፋብሪካው ፍሪሲዮን ይህን አልቻለውም። በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው፣ 3,500 ዙር ላይ ተርቦው ሲነሳ፣ ዙር ቆጣሪው ሽቅብ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን እዚያው ነው። የተቃጠለ ሽታው እስከ ውስጥ ይገባል። ዘይት ነክቶት እንደሆነ ብዬ አስወርጄ አየሁት፤ ደረቅ ነው።

ከዚያ የሴራሚክ የፍሪሲዮን ዲስክ አስገባሁ። መንሸራተቱ ቆመ፤ ግን ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መሀል የለውም። ጠዋት ወደ ዋሽንግተን ስገባ ትራፊክ ውስጥ በተነሳሁ ቁጥር መኪናው በሙሉ ይንዘፈዘፋል። ባለፈው ሳምንት ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ሞተሩ ጠፋብኝ፣ ልጄም ከኋላ ተቀምጣ ነበር።

አሁን የቀረኝ ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌት (ዲስኩን የሚጫነው ክፍል) ያለው ባለ አንድ ኦርጋኒክ (እንደ ፋብሪካው ለስላሳ አያያዝ ያለው) ዲስክ፣ ወይም በጣም የሚወደደው ባለ ሁለት ዲስክ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ባለ አንዱ ይህን ቶርክ ሳይንሸራተት ይሸከማል፣ ወይስ ባለ ሁለቱን ልግዛ?