ከኤድመንተን እስከ ቱክቶያክቱክ በመኪና፦ አማቴን ይዘን በጁላይ እንውጣ ወይስ ይቅርብን?

የኤድመንተኑ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ሰመር ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችን (9 እና 13) እና ከአማቴ ጋር ቱክቶያክቱክ ድረስ መሄድ አስበናል። ለማታውቋት፣ ቱክ በካናዳ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ አርክቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች፣ 900 ያህል ሰው የሚኖርባት የኢኑቪያሉይት (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) መንደር ናት። ድሮ በመኪና የሚገባባት ክረምት ላይ በበረዶ መንገድ ብቻ ነበር፤ በ2017 ኖቬምበር ላይ በስተደቡቧ ካለችው ከኢኑቪክ ከተማ የጠጠር መንገድ ተከፍቶላታል።

መኪናችን ራቭ4 ነው። ይችለዋል? መቼ ብንሄድ ይሻላል? አማቴ ሰባ ዓልፏቸዋል፣ በቪዚተር ቪዛ ከአዲስ አበባ መጥተው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጾም ደግሞ በምንም ተአምር አይሽሩም። ባለቤቴ «እማዬን ትተን አንሄድም» ብላለች። የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ።

ሹፌር ከዋይትሆርስ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ርቀቱን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ከኤድመንተን ቱክ መሄጃው ብቻ ከ3,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስከ ዋይትሆርስ ያለው ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር አስፋልት ስለሆነ ችግር የለውም። ነገሩ የሚጀምረው ከዶውሰን ሲቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ወደ ሰሜን በሚታጠፈው፣ ዴምፕስተር በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከዚያ ኢኑቪክ ድረስ 740 ኪሎ ሜትር ገደማ ፒስታ፣ ከኢኑቪክ ቱክ ደግሞ 140 ያህል፣ እሱም ፒስታ።

ራቭ4 ይሄዳል፤ ጎማው ነው ጉዳዩ። እዚያ መንገድ ላይ ያለው ድንጋይ ስስና ስለታም ነው፣ ጎማ ይበሳል ሳይሆን ይቀድዳል። ከፋብሪካ የምትመጣዋን ቀጭኗን ስኮርት ተማምናችሁ እንዳትወጡ። ሙሉ መጠን ያላት፣ ከሪም ጋር፣ ቢቻል ሁለት ያዙ። ክሪኩም ጭቃ ላይ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የምታደርጉት ጣውላ አይለያችሁ። ጎሚስታ የምታገኙት ግማሽ መንገድ ላይ ኢግል ፕሌንስ ነው፤ አንድ ሆቴል፣ አንድ ማደያ፣ በቃ።

ከፊት ከባድ መኪና ሲመጣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ግን ጥግ አትያዙ። መንገዱ ከሥሩ ያለው በረዷማ መሬት እንዳይቀልጥ ተብሎ በወፍራም ጠጠር ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ጠርዙ ለስላሳ ስለሆነ መኪናን ይዞ ይወርዳል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃው መብራቱንም ታርጋውንም ይደፍነዋል፤ በቆማችሁ ቁጥር ጥረጉት።

ሁለት ወንዝ በፌሪ ትሻገራላችሁ፣ ፒልንና ማኬንዚን። ክፍያ የለውም። ግን ውኃው ሲሞላ ይቆማል፣ እናንተም ትቆማላችሁ። ስለዚህ «ሰኞ ሥራ እገባለሁ» ተብሎ ቅዳሜ የሚመለሱበት መንገድ አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የሚነግረውን ድረ ገጽ፣ ዩኮን 511ን እዩ።

መኪና ልከራይ ካልክ ውሉን እስከ መጨረሻው አንብብ። ብዙ አከራዮች ዴምፕስተርን በስሙ ጠቅሰው ይከለክላሉ፤ እዚያ ከተበላሸ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም።

ነርሷ፦

ኢኑቪክ ሠርቼ ስለነበር ልመልስ። በጊዜው ልጀምር። ጁን መጀመሪያ ላይ ባሕሩ ገና በረዶ ሊሆን ይችላል፤ ለልጆቹ ምኑም አይታይ። ለእማማ የሚመቸው ከሐዋርያት ጾም መፈቻ ከሐምሌ 5 (ጁላይ 12) በኋላ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ማለትም ከነሐሴ 1 (ኦገስት 7) በፊት ነው። በመሐሉ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ነው የሚጾሙት። የዚያን ጊዜ መጀመሪያ ከያዛችሁት ፀሐይ ጨርሶ የማትጠልቅበት ወቅት ላይ ትደርሳላችሁ፤ ኢኑቪክ ላይ እስከ ጁላይ 18 አካባቢ ነው፣ ቱክ ጥቂት ቀን ይጨምራል። ልጆቹ በሌሊት ሰባት ሰዓት ውጪ ኳስ ሲጫወቱ ታገኟቸዋላችሁ፣ ማስተኛት መከራ ነው። መስኮት የሚሸፈንበት ፎይልና ፕላስተር ያዙ።

አሁን ስለ እማማ። እህቴ እናቷን ትታ እንድትሄድ አልመክርም፤ ግን ጉልበት የሚያማቸውን ሰው ዴምፕስተር ላይ ሙሉ ቀን ማንገጫገጭ ግፍ ነው። በአውሮፕላን ይምጡ። ከኤድመንተን በየሎናይፍ በኩል ኢኑቪክ ይደረሳል። አንተ ከትልቁ ልጅ ጋር ንዳ፣ ባለቤትህ እናቷንና ትንሹን ይዛ ትብረር፤ ኢኑቪክ ተገናኝታችሁ ቱክ አብራችሁ ግቡ። ትኬቱ ርካሽ አይደለም፣ እሱን አልዋሽህም።

ከሁሉ በላይ ኢንሹራንሳቸውን ተመልከት። ቱክ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፣ ሆስፒታሉ ኢኑቪክ ነው፣ ከዚያ የባሰ ከሆነ በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ይወሰዳል። ለጎብኚ ያ ወጪ በራስ ነው። ፖሊሲው የአየር አምቡላንስን በግልጽ መሸፈኑን በስልክ ጠይቀህ በጽሑፍ አስልክ። የመድኃኒታቸውንም መጠባበቂያ ጨምራችሁ ያዙ።

አቦ ሰላም፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ ምን ሊታይ ነው? ባንፍ አራት ሰዓት ነው፣ ተራራም ሐይቅም አለ።

ሹፌር ከዋይትሆርስ፦

@አቦ ሰላም ባንፍ የመኪና ማቆሚያ ስትፈልግ ውለህ ትመለሳለህ። ቱክ አጠገብ ፒንጎ የሚባሉ፣ ውስጣቸው በረዶ የሆነ፣ ከሜዳ ብድግ ያሉ ኮረብቶች አሉ። ትልቁ ኢብዩክ 49 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፣ አሁንም ከዓመት ዓመት እያደገ ነው። የሚታዩት ከራቅ ብሎ ነው፤ መውጣት አፈሩን ይጎዳዋል፣ ልጆቹን ንገራቸው። መንደሩ ዳር ደግሞ ባሕሩ መሬቱን እየበላው ስለሆነ ቤቶች ተነቅለው ወደ ውስጥ ሲዛወሩ ታያለህ። ለእኔ ከፒንጎውም የባሰ የገረመኝ እሱ ነው።

አቡ ሰሚር፦

ሙስሊም ወንድምና እህቶች ካላችሁ፣ ኢኑቪክ መስጊድ አለ። ዊኒፔግ ተሠርቶ በ2010 በጭነት መኪናና በማኬንዚ ወንዝ በባርጅ ተጭኖ የመጣ ትንሽዬ ቤት ነው። ፀሐይ በማትጠልቅበት ወቅት ረመዳን ሲገጥም ጀመዓው በኤድመንተን ሰዓት ነው የሚጾመው፤ እናንተም የሶላቱን ሰዓት እዚያው ጠይቁ። ባታምኑትም፣ በእንግድነት ከገባችሁ ሳትበሉ አያስወጧችሁም።

የኤድመንተኑ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የነርሷን መልስ አንብባ «ይቺ ሴት ገባት» ብላለች። ሦስት ነገር ልጨምር፦ ምግብ፣ ስልክ፣ እና ዶውሰን ከደረስን በኋላ በዚያው ወደ አላስካ ብቅ ብንልስ?

ነርሷ፦

ምግብ፦ ኢኑቪክ ሱፐርማርኬት አለ፣ አትክልቱ ግን ዋጋው ያስደነግጣል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ። እንጀራው መኪና ውስጥ ይሻግታል፤ ድርቆሽ አድርጉት፣ ለእማማ በረቡዕና ዓርብ በዘይት ይፈረፈርላቸዋል። ውጪ ካበሰላችሁ ደግሞ የወጥ ድስት ሳይታጠብ ድንኳን ውስጥ አይግባ፣ ድብ አለ። የድብ ስፕሬይ በመኪና የሚሄደው ይያዝ፣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ቢምቢው ደግሞ ሌላ ነው። የአፍሪካ ቢምቢ ለምደናል ብላችሁ አትናቁት፤ በኮፍያ ላይ የሚጠለቅ የፊት መረብ ለእያንዳንዱ ሰው ግዙ።

ልብስ፦ ኢኑቪክ ሞቆ በቲሸርት ስትሄዱ ቱክ ላይ የባሕሩ ነፋስ ጃኬትና ኮፍያ ያስለብሳል። ቱክ ጁላይ ላይ አማካዩ ወደ 11 ዲግሪ ነው። ልጆቹ እግራቸውን ውኃው ውስጥ መንከራቸው አይቀርም፣ ፎጣና ደረቅ ካልሲ ከላይ አድርጉ።

ሹፌር ከዋይትሆርስ፦

ስልክ፦ ከዴምፕስተር መጀመሪያ እስከ ፎርት ማክፈርሰን ኔትወርክ የለም በሉት። «አይፎኔ በሳተላይት ይደውላል» እንዳትለኝ፤ አፕል ራሱ ከ62 ዲግሪ ሰሜን በላይ ላይሠራ ይችላል ብሎ ጽፏል፣ ዴምፕስተር ደግሞ ገና ሲጀምር ከዚያ በላይ ነው። በኢሪድየም ሳተላይት የሚሠራ እንደ ጋርሚን ኢንሪች ያለ መልእክት መላኪያ መሣሪያ ተከራይ።

አላስካ፦ ከዶውሰን የሚያሻግረው መንገድ በጣም ያምራል፣ ግን ያ አሜሪካ ነው። የእማማ የካናዳ ቪዛ አያስገባቸውም። አንተም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለህ ፒአር (የካናዳ ቋሚ ነዋሪ) ከሆንክ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልግሃል። የሌለው ሰው ካለ ድንበሩ ድረስ እንዳትደክሙ።

የኤድመንተኑ፦

ፒአር ነኝ፣ እንግዲያው አላስካ ቀርቷል። እማማ፣ ባለቤቴና ትንሹ በጁላይ 14 ይበርራሉ፣ እኔና ትልቋ ቀድመን በመኪና እንወጣለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ነዳጅ የት የት ልሙላ?

ሹፌር ከዋይትሆርስ፦

ዶውሰን ሙላ፣ መታጠፊያው ላይ አገኛለሁ ብለህ አትለፍ። ከመታጠፊያው ኢግል ፕሌንስ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ራቭ4 ይደርሳል፣ ቢሆንም አንድ ጀሪካን ጨምር። ከኢግል ፕሌንስ ፎርት ማክፈርሰን 180 ገደማ፣ ከዚያ ኢኑቪክ ያንኑ ያህል። ቱክ ስትገባ ከኢኑቪክ ሙሉ አድርገህ ውጣ፣ በመሐል ምንም የለም። ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ስትገባ ደግሞ ሰዓትህን በአንድ ሰዓት ወደፊት አድርግ፤ የፌሪው ሰዓት በዚያ ነው የሚቆጠረው።