የ1918ቷ «ኩፖን» ግራ አጋባችኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ የብሪታንያ ሊበራል ፓርቲ ለምን ተዳከመ የሚል ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) በ1906 ወደ 400 ወንበር ያሸነፈ ፓርቲ በ1924 ወደ 40 ወረደ፤ ያሳዝናል።

የተጣበቅኩት የ1918ቱ የፓርላማ ምርጫ ላይ ነው። የጥምር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሊበራሉ ሎይድ ጆርጅና አጋሩ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ቦናር ሎው ለሚደግፏቸው ዕጩዎች የፈረሙባትን አጭር ደብዳቤ፣ ከሎይድ ጆርጅ ጋር የተለያየው የሊበራል ፓርቲ መሪ አስኲዝ «ኩፖን» አላት። ስሟ በዚያው ቀረ። ደብዳቤዋን ያገኘውና ያጣው ሊበራል የተለየው በሜይ 1918 በሞሪስ ክርክር (ጄኔራል ሞሪስ መንግሥት ስለ ጦሩ ብዛት ፓርላማውን አሳስቷል ብሎ በመክሰሱ የተነሣ የፓርላማ ክርክር) በሰጠው ድምፅ ነው ይባል ነበር። የድምፁንና የደብዳቤዋን ዝርዝር ጎን ለጎን ዘርግቼ በእርሳስ ሳመሳክር ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም።

ታዲያ ደብዳቤዋ ለማን እንደምትሰጥ በምን ተወሰነ? የየምርጫ ክልሉን የሊበራል ማኅበራት ቃለ ጉባኤ ከየት ላግኝ? ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የአስኲዝ ወረቀቶች ያየ ካለ፣ ከየትኛው ሳጥን ልጀምር? ሁለት ሳምንት አንድ ገጽ አልጻፍኩም።