በሲምፎኒ መሃል ያጨበጨበ ሰው ምን አጠፋ?

የሽሮ ሜዳ ልጅ (ዲሲ)፦
ትናንት ማታ እህቴን ኦርኬስትራ ላሰማት ይዣት ሄድኩ፤ የመጀመሪያዋ ነው። የሩሲያዊውን የቻይኮቭስኪን ስድስተኛ ሲምፎኒ ነበር የሚጫወቱት። ከአራቱ ክፍሎቹ ሦስተኛው ሲያልቅ ነሐሱ፣ ከበሮው፣ ቫዮሊኑ አንድ ላይ አዳራሹን ሲያናውጡት ተነስታ አጨበጨበች። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ «ተምራችሁ ኑ እንጂ!» አለን። በአማርኛ! ሐበሻ ነው። ከዚያ በኋላ እጇን ጭኗ ላይ እንዳጣበቀች ቀረች፤ መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እንኳ እሷ አላጨበጨበችም። እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው።

ከኦቦው አጠገብ፦
አነጋገሩ አያምርም፣ ነገሩ ግን እውነት ነው። ቻይኮቭስኪ ያንን ሰልፍ የመሰለ ክፍል እንዲያ አስጩሆ የሚዘጋው ወዲያው የሚከተለው ሐዘን እንዲከብድ ነው። አብዛኛው ሲምፎኒ በድምቀት ያልቃል፤ ይሄኛው ድምፃቸው ወፍራም በሆኑት ባለገመድ መሣሪያዎች፣ በቼሎና በባስ፣ እየደከመ ነው የሚጠፋው። መሃል ላይ ጭብጨባ ሲገባ ያ መውደቅ ይበላሻል። ለዚያ ብሎ ቲኬት የገዛውም ሰው መብት አለው። ተምሮ መምጣት ነውር የለውም።

የሽሮ ሜዳ ልጅ (ዲሲ)፦
«ተምሮ መምጣት»! የት ነው የሚማሩት? አዳራሽ ሳይገቡ?

የኦፔራ ቋሚ (ቪየና)፦
ሞዛርት በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ የጻፈውን ደብዳቤ ያላነበበ ሰው ስለ ጨዋነት አያስተምረን። አዲሱ ሲምፎኒው ገና በመጀመሪያው ክፍል መሃል እያለ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እሱም ደስ ብሎት ነው የጻፈው። ሲያልቅ አይስክሬም ሊበላ ሄደ። የቤትሆቨን ሰባተኛ በ1813 እዚሁ ቪየና መጀመሪያ ሲቀርብ ሁለተኛውን ክፍል ሕዝቡ አስደግሞታል። ይሄ በየክፍሉ መሃል ዝም የሚባለው ነገር በኋላ የመጣ ልማድ ነው። የደራሲዎቹ ሕግ አታስመስሉት።

ከኦቦው አጠገብ፦
በኋላ የመጣ ልማድ ሁሉ ይጣል ነው የምትለው? በዚያ ዘመን እኮ ሙዚቃው እየተጫወተ ወሬም ይወራ ነበር። እሱንም እንመልሰው?

የማኅሌት ልጅ፦
እኛን ደግሞ ዝም ብሎ መስማት ማን ያስተምረናል? ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ሕዝብ ነን። በቅዳሴ መሃል የሚያጨበጭብ አይታችኋል?

የሽሮ ሜዳ ልጅ (ዲሲ)፦
ማኅሌቱን አንተው አነሳኸው። ዝማሜው አልቆ ወረብ ሲገባ፣ ከበሮው ሲፈጥን፣ ጭብጨባው የለም? እልልታው የለም? እልል ያሉትን እናቶች «ተምራችሁ ኑ» ያላቸው መሪጌታ አይቼ አላውቅም።

የማኅሌት ልጅ፦
ቦታውን ጠብቆ ነዋ! ምስባክ ሲሰበክ ማን ያጨበጭባል? ቦታን ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው። ምሳሌህ ሰውዬውን ነው የሚደግፈው።

ሸገር 77፦
ቦታውን ያወቅነው የእናታችንን ነጠላ ጫፍ ይዘን፣ ከጎኗ ቆመን ነው። በሰው ፊት ተዋርደን አይደለም። ልዩነቱ ይሄ ነው። እህትየውም ከወንድሟ ጎን ቁጭ ብላ እየተማረች ነበር፤ ያቋረጣት ሰውዬው ነው።

ዝም አልልም፦
በፈረንጅ ሙዚቃ እናንተ ምን አጣላችሁ? ማሲንቆ እያለ!

ሸገር 77፦
እንዲህ ሲባል ያመኛል። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አዲስ አበባ ላይ ነሐሱን ነፍተዋል፤ የንጉሡ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር የናልባንዲያን ድርሰት ነው። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በስዊዘርላንድ በልጅነታቸው ቫዮሊን ጀምረው፣ ካይሮ ተምረው፣ በመጨረሻ በፒያኖ የራሳችንን ቅኝት አሰምተውናል። አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበሩ፣ የኦርኬስትራ ሙዚቃም ደርሰዋል። ይሄ ቤት ከመቶ ዓመት ወዲህ የእኛም ነው። ማሲንቆውም የእኛ ነው። አንዱን ለመውደድ ሌላውን መግፋት አያስፈልግም።

ዝም አልልም፦
የንጉሥ ቤት ሙዚቃ ነው ያልከኝ። የሕዝብ አይደለም ማለት ነው።

ሸገር 77፦
እንደዚያ አላልኩም። ደግመህ አንብበው።

ከኦቦው አጠገብ፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። ለጀማሪ ቀላል ነው፤ የመሪውን እጅ እዩ። ክፍሉ ሲያልቅ በትሩ አየር ላይ ይቆያል፤ ተጫዋቾቹ የኖታ ቅጠል ይገልጣሉ፣ ቫዮሊኖቹ ገመድ ያስተካክላሉ። ሁሉም አልቆ መሪው እጁን አውርዶ ወደ ሕዝቡ ሲዞር ያኔ ይጨበጨባል። በሩ ላይ የሚሰጠው ወረቀት ላይም ክፍሎቹ ተቆጥረው ተጽፈዋል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ (ዲሲ)፦
አየህ፣ ይሄን ሰውዬው በእረፍት ሰዓት ቢነግራት በሚቀጥለው ወር ራሷ ቲኬት ትቆርጥ ነበር። አሁን «ሁለተኛ አልሄድም» ብላለች። ጭብጨባው ለግማሽ ደቂቃ ነው፤ የእሷ ግን ለዕድሜ ልክ ሊሆን ነው።

ከኦቦው አጠገብ፦
ለእኔ ያ ግማሽ ደቂቃ የመጣሁበት ነው። እሱን ለምን አቅልለህ ታየዋለህ?

የኦፔራ ቋሚ (ቪየና)፦
እኛ ኦፔራ ቤቱ የቁም ቦታ ላይ በርካሽ ቲኬት ሻርፓችንን ብረቱ ላይ አስረን ቦታ ይዘን ሦስት ሰዓት ቆመን ነው የምንሰማው። ከእኛ በላይ የሚሰማ የለም። ከታች በውድ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋውን ግን «ተምረህ ና» የሚለው የለም።

የማኅሌት ልጅ፦
የሚያንቀላፋው አይረብሽም።

የኦፔራ ቋሚ (ቪየና)፦
ያንኮራፋል እኮ!

ከኦቦው አጠገብ፦
በስልክ የሚቀርጸው ነው የሚብሰው። እሱን ለምን ዝም አላችሁት?

የሽሮ ሜዳ ልጅ (ዲሲ)፦
ስልክ ማን አነሳ? የተሰደበችው እህቴ ናት፤ እሷን መልሱልኝ።