አጥማጁን በጨዋታ ፈትኖ ደንብ ማውጣት ይቻላል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በጣና ላይ የመረብ ደንብ ከመውጣቱ በፊት ዓሣ አጥማጆችን በገንዘብ ጨዋታ መፈተን ይጠቅማል? ወይስ ብር ማባከን ነው?

መምህሩ፦ ይጠቅማል። ሰው ለጋራ ነገር ምን ያህል እንደሚያዋጣ ያሳያል። ጨዋታው ቀላል ነው። አራት ሰው ይቀመጣል፣ ለእያንዳንዱ 100 ብር ይሰጠዋል። የፈለገውን ያህል ወደ ጋራ ሣጥን ያስገባል። አጥኚው የተሰበሰበውን እጥፍ አድርጎ ለአራቱም እኩል ያካፍላል። ሁሉም 100 ካስገቡ 200 ይዘው ይወጣሉ። ሦስቱ ሙሉውን አስገብተው አንዱ ምንም ካላስገባ ግን እሱ 250 ይዞ ይሄዳል፣ እነሱ 150። በብዙ አገር ተሞክሯል። ሰው መጀመሪያ ላይ ግማሽ አካባቢ ያዋጣል፣ ዙሩ ሲደጋገም እየቀነሰ ይሄዳል።

የመረቡ ልጅ፦ ይሄን ለማወቅማ ምሁር አያስፈልግም። እንቦጭ ነቀላ ወጥቻለሁ። እስከ ወገብህ ውሃ ውስጥ ገብተህ ትጎትታለህ። ሥሩ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ሁለት እፍኝ ነቀለ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እኔም ቀረሁ።

የእድር ጸሐፊዋ፦ የቀረኸውማ የሚቀጣህ ስለሌለ ነው ልጄ። እኛ ጋ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ስሙን የምጽፈው እኔው ነኝ፤ ኩርፊያውም ለእኔው ነው።

መምህሩ፦ እትዬ፣ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ኤርንስት ፌርና ሲሞን ጌክተር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ሙከራ ያሳየው እርስዎ ያሉትን ነው። ተጫዋቹ ከገዛ ኪሱ ከፍሎ የማያዋጣውን መቅጣት ሲፈቀድለት መዋጮው ከፍ አለ።

ጣና ዳር፦ እሱ የአውሮፓ ተማሪ ነው፤ ያጣውም የኪስ ገንዘብ ነው። እዚህ ነሐሴና መስከረም ላይ ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ጉማራ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። አጥማጁ ጉዳቱ ጠፍቶት መሰላችሁ? እሱ ቢተው ጎረቤቱ ይጥላል። ደግሞ አጥኚ ደብተር ይዞ እያየው ጨዋ የማይሆን ማን አለ?

መምህሩ፦ በአገራችንም ተሠርቷል እኮ። ባሌ ውስጥ 49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖች ተመሳሳይ ጨዋታ ተጫወቱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። «ሌላው ከሰጠ እኔም እሰጣለሁ» ባዮች የበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጨዋታው ብቻ አይደለም፣ ጫካው ውስጥ ዛፉም ተቆጥሯል።

ጣና ዳር፦ እሺ፣ ይሄኛው ያስኬዳል። ግን ዛፍ ባለበት ይቆማል፤ ባለቤቱም ይታወቃል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መረብ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሳል። የማን እንደሆነ ማን አየ? ሰዎች የጋራ ሀብትን እንዴት እንደሚያስተዳድሩ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮምም ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው ተጠቃሚው ማን ነው፣ ድንበሩስ የት ነው ብላ ነው።

የእድር ጸሐፊዋ፦ እንግዲያው አንድ መንደር ሰብስባችሁ እንዳትመለሱ። የዘጌውን፣ የጎርጎራውንና የባሕር ዳሩን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። የሚተዋወቅ ሰውማ ይተፋፈራል።

መምህሩ፦ እሱን አላሰብኩትም ነበር። የሚተዋወቁትንም የማይተዋወቁትንም ለየብቻ አጫውቶ ማወዳደር ነው።

የመረቡ ልጅ፦ ብቻ ዐቢይ ጾም ላይ እንዳታመጡት። ያኔ የዓሣ ዋጋ ሰማይ ነው። ለ200 ብር ብሎ የሚቀመጥላችሁ አጥማጅ አታገኙም።