እህቴ የአዲስ ማስታገሻ ሙከራ ውስጥ ልትገባ ነው፣ ምን ትላላችሁ?

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። የእግሯ አውራ ጣት አጥንት ወደ ጎን ወጥቶ ጫማ ማድረግ አቅቷታል፣ በሚቀጥለው ወር ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። ሐኪሞቹ ታዲያ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አዲስ ማስታገሻ የሚሞከርበት ጥናት ላይ ትሳተፊያለሽ ወይ አሏት። ለአንዳንዱ ሰው ባዶ ኪኒን ነው የሚደርሰው። እማ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም፣ «አጥንቷን ቆርጠው ያለ መድኃኒት ሊያስተኟት ነው» ትላለች። የምታውቁ ወላሂ ንገሩኝ።

ነርስ ከደሴ፦
አብሽር ወንድሜ። ባዶ ኪኒን የደረሰው ሰው ዝም ብሎ ይሰቃያል ማለት አይደለም፣ ሲብስበት የሚወስደው ሌላ ማስታገሻ ይኖራል። ሱዜትሪጂን የሚባለው መድኃኒት የተሞከረው በዚሁ የአውራ ጣት ኦፕራሲዮን ላይ ነበር። አንዱ ቡድን አዲሱን፣ ሌላው ሃይድሮኮዶን የሚባለውን ሱስ ሊያስይዝ የሚችል ጠንካራ ማስታገሻ ከፓራሲታሞል ጋር፣ ሌላው ባዶውን ወሰደ፤ አልቻልኩም ላለ አይቡፕሮፌን ነበረለት። ከባዶው በልጧል፣ ከሃይድሮኮዶኑ ግን አልበለጠም። ቢሆንም እንደ ሃይድሮኮዶን ሱስ የሚያስይዘው ዓይነት አይደለም፣ አሜሪካም ጥር 2017 ዓ.ም. ፈቀደችው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጥናቱ የሚመሠረተው ሕመምተኛው ለሕመሙ በሚሰጠው ቁጥር ላይ ነው። እኛ ዋርድ ጭናቸው ላይ ብረት የገባላቸውን አባት «ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ጨምድደው ይዘዋል፣ ግንባራቸው ላብ በላብ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉኝ! የኛ ሰው እንዲህ ነው። እህትህ እዚያ ሆና «ደህና ነኝ» ካለች እሷም ትጎዳለች፣ ውጤቱም ይበላሻል።

ኮምቦልቻ፦
ነርሷ ያለችው ልክ ነው፣ ግን ሳታነብ እንዳትፈርም። ቫዮክስ የሚባል ማስታገሻ ተፈቅዶ ስንቱ ከወሰደው በኋላ ልብ ላይ ችግር ያመጣል ተብሎ በ2004 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጥቷል። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ትንገራቸው። ከፈረመች በኋላም ቢሆን በፈለገችው ሰዓት ትታ መውጣት መብቷ ነው።

የሐይቅ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። አሁን ደወልኩላት፣ ሲብስባት የሚሰጣት መድኃኒት ወረቀቱ ላይ በስሙ ተጽፏል። እማ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና «ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ በይ፣ ቁጥሩን ግን እንዳለ ንገሪያቸው» አለቻት።