ደሴ ቁጭ ብዬ የደሴት ፕሮግራም እያወጣሁ ነው፤ ድረሱልኝ

የሸዋ በሯ (ረቡዕ፣ ማታ 4 ሰዓት ከ10)፦
ሰላም የቤታችን ሰዎች። ቶሎ የሚመልስልኝ እፈልጋለሁ። የእህቴ ቤተሰብ የሽርሽር መርከብ ላይ ነው። ዛሬ መውረድ ነበረባቸው፤ ካፒቴኑ ማዕበል አለ ብሎ ሳይቆም አለፈ። ሁለት ወር የለፋሁበት ፕሮግራም ውሃ በላው። ነገ ሌላው ደሴት ላይ ይወርዳሉ፤ ለዚያ ያሰብነው ነገር የለም። ሦስት ጎረምሶች አሉ፤ ሦስቱም አኩርፈዋል። ከ2 እስከ 10 ነው የሚቆሙት። ጀንበር ስትጠልቅ የሚያሳይ ጀልባ አግኝቼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ 10 ምን ያድርጉ? ማታ ለልጆች የሚሆን ነገር ጠፋኝ። እዚህ ዝናቡ ይወርዳል፤ መብራቱ ሁለቴ ሄዶ መጥቷል። ሦስተኛው ሳይመጣ ጻፉልኝ።

የሆጤ ልጅ፦
ደሴ ነው ደሴት? ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ቧንቧ ውሃ፦
ደሴ ከሆነ መርከቡ በቦርከና ነው የሚመጣው። በዚህ ክረምት ደግሞ አያቅተውም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ጥያቄ ስትጠይቂ መጀመሪያ ቦታውን ትናገሪያለሽ። የትኛው ባሕር? የትኛው ደሴት? ልጆቹ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው? ተማሪዎቼን ሠላሳ ዓመት ስነግራቸው የኖርኩት ይህንኑ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደማለት ነው።

ጦሳ ሥር፦
ካሪቢያን ከሆነ ቱሉም ይሂዱ። ባሕር አፋፍ ላይ ያለ የማያዎች፣ የጥንት የሜክሲኮ ሕዝብ፣ ከተማ ነው። አለቀ።

የሸዋ በሯ፦
ይቅርታ መምህር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት። አዎ ካሪቢያን ነው። እሁድ ከማያሚ ተነሱ። ማክሰኞ ጃማይካ ነበሩ፣ ኦቾ ሪዮስ። ዳንስ ሪቨር የሚባለውን ፏፏቴ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። እሱ ብቻ ነው የተሳካው። እሱም ቢሆን ትንሹ የወታደር ልብስ የመሰለ ሱሪ ለብሶ ሊወርድ ሲል መልሰውታል። እዚያ አገር ሲቪል እንዲህ ዓይነት ልብስ መልበስ በሕግ ክልክል ነው አሉ። ዛሬ ግራንድ ኬይማን ነበር፤ ስቲንግሬይ ከሚባሉት ጠፍጣፋ ዓሦች ጋር ውሃ ውስጥ ሊቆሙ ነበር፤ ያ ቀረ። ነገ ሐሙስ ኮዙሜል ናቸው፣ ሜክሲኮ። ልጆቹ 17፣ 15 እና 13። ትልቋ ሴት ናት።

ጡረተኛው መምህር፦
አሁን ጥያቄ ሆነ። ጃማይካ ካልሽ ግን ሳልናገር አላልፍም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ንጉሠ ነገሥቱ ለረጅም ጊዜ መውረድ አልቻሉም። ራስ ተፈሪያኖች ቀኑን ዛሬም ያከብሩታል። ኦቾ ሪዮስ ያለበት የሴንት አን አውራጃ ደግሞ ቦብ ማርሌ በፈረንጅ 1945 የተወለደበት ነው። እነዚያ ልጆች በዚያ ሲያልፉ ይህን የነገራቸው ሰው አለ? ፏፏቴማ እዚህም አለ።

ቧንቧ ውሃ፦
መምህር፣ ጃማይካ እኮ ማክሰኞ አለፈች።

እመ ሦስት፦
እኔ ደግሞ ነገሩ ከሥሩ አልገባኝም። የ17 ዓመት ልጅ አክስቷ ከደሴ ያወጣችላትን ፕሮግራም ትከተላለች? ሦስት አሳድጌያለሁ። ይተኙ። ሲነሡ ይብሉ። ወላጆቹ ይውረዱና ይዙሩ። እናትየውስ ምን እየሠራች ነው?

የሸዋ በሯ፦
እህት ዓለም፣ መርከቡ ላይ ያለው ኔት ውድ ነው። እህቴ የገዛችው መልእክት ብቻ የሚልከውን ነው፤ ምንም መክፈት አትችልም። ልጆቹ ደግሞ የእናታቸውን ሐሳብ ሁሉ «ቦሪንግ» ይሉታል። አምና ደሴ መጥተው ሐይቅ ወስጃቸው ነበር። ጀልባ ላይ አስወጣኋቸው፣ አሣ ጥብስ በላን፣ ትንሹ ጫማውን ውሃ ውስጥ ጥሎ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ያንን ያወራሉ። ከዚያ ወዲህ የመዝናኛ ሚኒስትር እኔ ነኝ።
እማዬም አጠገቤ ሆና «ባሕር እንዳይገቡ በያቸው» እያለች ነው። ምን ልበላት?

ጦሳ ሥር፦
ቱሉም ብያለሁ።

የገራዶ ልጅ፣ ፍሎሪዳ፦
አብሽሪ እታለም። ኮዙሜል ሁለት ጊዜ ከልጆቼ ጋር ሄጃለሁ።
መጀመሪያ የዛሬውን ላስረዳሽ። ግራንድ ኬይማን ላይ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የለም። መርከቡ ባሕሩ ላይ ይቆምና ሰው በትንንሽ ጀልባ ይመላለሳል። ውሃው ትንሽ ከተናወጠ ካፒቴኑ ይተወዋል። ኮዙሜል ላይ ግን መርከቡ ከወደቡ ማቆሚያ ጋር ይታሰራል፣ ሰው በእግሩ ይወርዳል። ስለዚህ የነገው የመቅረት ዕድሉ ትንሽ ነው። የኬይማኑን ጉዞ ከመርከቡ ከገዙት ገንዘቡ ይመለሳል። ከውጭ ከገዛሽው ግን ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ ነገ አትበይ።
ጦሳ ሥር፣ ቱሉም ኮዙሜል ላይ አይደለም ወንድሜ። ዋናው መሬት ላይ ነው። ወደ ፕላያ ዴል ካርመን በጀልባ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ። መመለሻውም ያው። ሰልፉን ጨምርበትና ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ሦስት ያኮረፉ ልጆች ይዘህ ሞክረው እስቲ።
አሁን ንገሪኝ፦ ይዋኛሉ? መርከቡ የሚቆመውስ የትኛው ላይ ነው? ኮዙሜል ሦስት ማቆሚያ አለው። ፑንታ ላንጎስታ ከሆነ ሳን ሚጌል ከተማ መሃል ነው የሚወርዱት። ሌሎቹ ሁለቱ ወደ ደቡብ ወጣ ይላሉ፤ ታክሲ ያስፈልጋል። ፒያሳ መውረድና ገራዶ መውረድ አንድ አይደለም።

የሸዋ በሯ፦
ተባረክልኝ ወንድምዓለም። ሁለቱ ይዋኛሉ፤ ትንሹ አይዋኝም፣ ግን እዋኛለሁ ይላል። ማቆሚያውን አልጻፈችልኝም። የላከችውን እንዳለ ልለጥፈው፦ «ኬይማን ቀረ። ነገ ኮዙሜል ከ2 እስከ 10። ቁርስ በልተን እንወርዳለን። ልጆቹ አኩርፈዋል። አንቺው አውጪልኝ።» ይኸው ነው።

የሆጤ ልጅ፦
መርከቡ የሚሸጠውን ጉዞ ይግዙና ይገላገሉ።

የኮምቦልቻው ሹፌር፦
እኔ ባሕር አላውቅም፣ ታክሲ ግን አውቃለሁ። የትም አገር ቢሆን ሳይነጋገሩ እንዳይገቡ። ዋጋው በሰው ነው በመኪና? መሄጃ ብቻ ነው መመለሻ? ይህን በር ሳይዘጋ ይጠይቁ። ኤርፖርት ስንት እንግዳ ሲጣላ አይቻለሁ።

የገራዶ ልጅ፣ ፍሎሪዳ፦
ሹፌሩ ትክክል ነው። እዚያ ታክሲው ቆጣሪ የለውም፤ በቦታ በቦታ የተወሰነ ታሪፍ አለው። ዶላር ይቀበላሉ፤ ዝርዝር ይያዙ እንጂ።

ሰዓት ሠሪው፣ ፒያሳ፦
እህቴ፣ ሁላችሁም አልፋችሁት ሄዳችሁ። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ዓይኔ እዚያ ላይ ነው የቀረው። «ቁርስ በልተን እንወርዳለን» ነው የምትለው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ማን ቁርስ ይበላል? ከ2 እስከ 10 ያለችሽ በሐበሻ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ይደርሳሉ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ይነሳሉ። አንቺ በፈረንጅ ወስደሽው የማታ ፕሮግራም ስትፈልጊ አመሸሽ። ጀንበር ስትጠልቅማ መርከቡ ባሕር መሃል ነው።

የሸዋ በሯ፦
ውይ!! አፈር ስሆን! አሜሪካ 19 ዓመት ስለኖረች በፈረንጅ ነው የምታወራው ብዬ እኮ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦
ወላሂ ሰዓት ሠሪው ባይኖር ልጆቹ ባዶ ወደብ ላይ ጀንበር ሲያዩ ነበር።

የገራዶ ልጅ፣ ፍሎሪዳ፦
ሰዓት ሠሪው እጅህ ይባረክ። ሌላም አለ፣ ከዚህ የባሰ። አሜሪካ በፈረንጅ በጋ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፤ እዚያ የሜክሲኮ ክፍል አይቀየርም። ፍሎሪዳ ግን አሁን ተቀይሯል። ስለዚህ ኮዙሜል ከማያሚ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አንዳንዱ መርከብ ሰዓቱን ከወደቡ ጋር ያስተካክላል፤ አንዳንዱ የተነሣበትን ይዞ ይቀጥላል። የልጆቹ ስልክ ደግሞ መሬት ሲነካ ሳይጠይቅ ራሱን ይቀይራል።
በማያሚ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ይኸውልሽ፦ መርከቡ 10 ሰዓት ይነሳል። መሣፈሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በፊት ያበቃል፣ 9 ተኩል በይው። ያን ጊዜ ስልካቸው 8 ተኩል ነው የሚለው። ልጅቷ «ገና አንድ ሰዓት አለን» ብላ አይስክሬም ትሰለፋለች። መርከቡ ራሱ የሸጠው ጉዞ ላይ ያለን ሰው ይጠብቃል። በራሱ የወጣን አይጠብቅም። ወደ ቀጣዩ ወደብ በራሳቸው ወጪ መድረስ ነው።

ሰዓት ሠሪው፣ ፒያሳ፦
ለዚህማ መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ የእጅ ሰዓት፣ ባለ ዘንግ። ከመርከቡ ሳይወርዱ መርከቡ ላይ ከተሰቀለው ሰዓት ጋር ያስተካክሉትና ማንም እንዳይነካው። ስልክ የፈለገውን ይበል። ለትንሹ ስጡት። የ13 ዓመት ልጅ ኃላፊነት ሲሰጠው እንደ ዘበኛ ነው፤ እህቱን እየጎተተ ያመጣታል።

እመ ሦስት፦
ይሄ እንኳ ገብቶኛል። ፕሮግራሙን ግን አሁንም አልደግፍም።

የሸዋ በሯ፦
የእህቴ ባል ሰዓት ያስራል፣ እሱን ይቀሙት። እሺ፣ ጠዋት ከሆነ የት ይሂዱ? አጭር አድርጉልኝ፤ ባትሪዬ 11 ነው።

የገራዶ ልጅ፣ ፍሎሪዳ፦
እኔ ብሆን ቻንካናብ ነው የምወስዳቸው። የባሕር ዳር ፓርክ ነው። ሁለቱ መነጽርና መተንፈሻ አድርገው ከዳሩ ላይ ይገባሉ፤ ዓሣው እግራቸው ሥር ነው። ትንሹ ሕይወት አድን ሰደርያ ይልበስ፣ ክርክር የለም። እናትሽን «ሰደርያ አላቸው» በያት፣ ትረጋጋለች።
ኤል ሲየሎ የሚባል በጀልባ ብቻ የሚደረስበት ቦታም አለ። ውሃው ዝቅተኛ ነው፤ ነጭ አሸዋ ላይ የባሕር ኮከቦች ተኝተው ይታያሉ። ከኬይማኑ ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው፤ ኩርፊያውን ይፈታል። ግን ኮከቡን ለፎቶ ብለው ከውሃ እንዳያወጡት፤ ይሞታል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፣ ሁለቱንም አይሞክሩ።
የጸሐይ ክሬም ተለቅልቀው አይግቡ፣ ኮራል የሚባለውን የባሕር እንስሳ ይጎዳል፤ እጅጌ ረጅም ቲሸርት ይሻላል። በምሥራቅ በኩል ያለው ባሕር ለፎቶ ግሩም ነው፣ ለዋና ግን አይሆንም፤ ማዕበሉ ይስባል። ከመርከቡ ቁርስ ላይ ሙዝና ፖም ቦርሳ ውስጥ አይክተቱ፤ ወደብ ላይ ይወሰዳል።

ጡረተኛው መምህር፦
ሳን ጌርቫሲዮ የሚባለውስ? የማያ ፍርስራሽ የሚፈልጉ ከሆነ እዚያው ደሴቱ ላይ አለላቸው። የማያ ሴቶች ኢሽቼል ለተባለችው አምላክ ሊሳለሙ በታንኳ ይሻገሩ ነበር። ሜክሲኮን የወረረው ስፔናዊው ኮርቴስም በፈረንጅ 1519 መጀመሪያ የረገጠው ያንን ደሴት ነው። አሸዋ ላይ ከመንከባለል ይሻላል።

የሆጤ ልጅ፦
የመርከቡን ጉዞ ይግዙ ብያለሁ። ካረፈዱም ይጠብቃቸዋል።

ቧንቧ ውሃ፦
አንተ ከመርከቡ ኮሚሽን አለህ እንዴ?

የሸዋ በሯ፦
ጻፍኩላት። «ሰዓቱን አረጋግጪ፣ የመርከቡን ነው የስልኩን? ማቆሚያው የትኛው ነው? ቻንካናብ ወይ ኤል ሲየሎ፣ አንዱን። ሰዓቱን ለትንሹ እሰሪለት።» አንድ ጭረት ነው ያለው፣ ሁለት አልሆነም። እማዬ ሰደርያውን ስነግራት «ሰደርያ ለብርድ ነው» አለች። መብራቱ ሊ

ቧንቧ ውሃ፦
ሄደ።

የኮምቦልቻው ሹፌር (ሐሙስ፣ ማታ 5 ሰዓት ከ20)፦
እሺ ምን ሆኑ? ሥራ ላይ ሆኜ ሳስባቸው ዋልኩ።

ሰዓት ሠሪው፣ ፒያሳ፦
በማያሚ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ መርከቡ ከተነሣ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። ወይ ገብተዋል ወይ አልገቡም።

የገራዶ ልጅ፣ ፍሎሪዳ፦
እታለም፣ አለሽ? ሁለት ጭረት ሆነ?

እመ ሦስት (ቅዳሜ)፦
ይህን ዛሬ ነው ልጆቼን ያስነበብኳቸው። ትልቁ «አክስት ካለችማ እኛም እንሂድ» አለ። የሸዋ በሯ፣ ምን እንደሆኑ ሳትነግሪን አትቅሪ።

ጦሳ ሥር፦
ቱሉም ሄደው ይሆናል።