ለእስረኛ ጉልበት ተገቢው ክፍያ ስንት ነው? የካሊፎርኒያ ክርክር

የመነሻ ሐሳብ፦
እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የካሊፎርኒያ መራጮች ፕሮፖዚሽን 6 የተባለውን፣ እስረኛን አስገድዶ ማሠራትን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውድቅ አድርገዋል። እኔም «አይሆንም» ካሉት አንዱ ነኝ። ግዛቲቱ ለአንድ እስረኛ በዓመት ከ130 ሺህ ዶላር በላይ ታወጣለች፤ ይህም ገንዘብ የሚሰበሰበው ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ከሚያድረው ወገናችን ጭምር ነው። መኝታውን፣ ምግቡንና ሕክምናውን የቻልንለት ሰው ድስት ስላጠበ ወይም ኮሪደር ስለወለወለ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝ ይቆረጥለት መባሉ አልተዋጠልኝም።

ምላሽ፦
ወንድሜ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ነገር ግን የወጪው ትልቁ ድርሻ የጥበቃና የሕክምና ስለሆነ፣ ድስት አጣቢው በነፃ ቢሠራም የጠባቂው ደመወዝ አይቀንስም። በ2024 በእጥፍ ካደገ በኋላ እንኳ የአብዛኛው ሥራ ክፍያ በሰዓት ከ16 እስከ 74 ሳንቲም ነው። ለተበዳይ ካሳ እንዲከፍል የተፈረደበት ሰው ደግሞ ከዚህችው ላይ እስከ 50 በመቶ ይቆረጥበታል። እስቲ አብረን እናስላው፦ በሰዓት 30 ሳንቲም የሚከፈለው ሰው 8 ሰዓት ሠርቶ 2 ዶላር ከ40 ያገኛል፤ ለተበዳይ የሚደርሰው 1 ዶላር ከ20 ነው። የ10 ሺህ ዶላር ካሳ ካለበት፣ እሑድ ሳይል በየቀኑ ቢሠራ እንኳ ከ22 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ በክፍያው ማነስ የምትቀጣው የተዘረፈችው ባለ ሱቅም ናት። በአገር ቤት ስንቅ ቋጥረው ማረሚያ ቤት በር ላይ የሚሰለፉ እናቶችን ያየን ሰዎች፣ የእስር ወጪ ከመንግሥት ካዝና ብቻ እንደማይወጣ ልንረሳ አይገባም።

ሌላ አስተያየት፦
በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል ከእሳቱ ፊት ከቆሙት መካከል ብዙ መቶ እስረኞች ነበሩ፤ መደበኛ የቀን ክፍያቸው ከ5.80 እስከ 10.24 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ እሳት በሚያጠፉበት ጊዜ በሰዓት 7.25 ዶላር እንዲከፈላቸው አድርጓል። ገንዘቡ ለእነርሱ ከተገኘ ለሌላው የማይገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢው መልስ፦
እሳት አጥፊው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ከድስት አጣቢ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አላስቀምጠውም። በካሳው ስሌት ግን ተረትቻለሁ። ሆኖም ፕሮፖዚሽን 6 የደመወዝ መጠን አልወሰነም፤ ቢጸድቅም ኖሮ ባለ ሱቋ ያው 1 ዶላር ከ20ዋን ትጠብቅ ነበር። ክፍያውን ከፍ አድርጎ ግማሹን በቀጥታ ለተበዳይ የሚያደርስ ሕግ ቢቀርብ ድምፄን እሰጣለሁ። ጭማሪው «የመኝታ ኪራይ» ተብሎ ተመልሶ ወደ ግዛቲቱ ኪስ የሚገባ ከሆነ ግን አሁንም «አይሆንም» እላለሁ።